የማይዘጋው በር፦ የ1950 ፎርድ ኮንቨርተብሌን እንዴት እንዳደስኳት

በአንድ ቅዳሜ ያበላሸሁትን በር ለማስተካከል ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

መኪናዋን ያገኘኋት እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አንድ እርሻ ጎተራ ውስጥ ቆማ ነው። የሚታጠፍ ጣሪያዋ የሆነው ሸራ ተበጣጥሷል፣ ወለሏ ወንፊት ሆኗል፤ ሞተሯ ግን በእጅ ሲዞር ይዞራል። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ስላደግሁ ብየዳ አያስፈራኝም። እናም ከበሮቹ ሥር ያለውን የዛገ ላሜራ ቆርጬ ጣልኩና አዲስ በየድኩ። ከዚያ በሩን ስገፋው ቦዲውን ነክሶ ቆመ።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ መኪና ላይ ጣሪያው ራሱ የፊቱንና የኋላውን አያይዞ ይይዛል። ኮንቨርተብል ይህ የላትም። ስለዚህ ፎርድ ሻንሲው (ቦዲው የሚያርፍበት የብረት አጽም) መሃል እንደ ኤክስ የተላለፈ ብረት ጨመረላት፤ ከዚያ በላይ ጥንካሬ የምታገኘው ደግሞ እኔ ቆርጬ ከጣልኩት ከበር ሥሩ ላሜራ ነው። ያለ ድጋፍ ስቆርጠው ወገቧ ሰመጠ፣ የበሩ ክፍተት ከላይ ጠበበ። እኔም እንደዚያው እንደሰመጠች በየድኳት!

ብየዳዬን መልሼ ፈታሁ። በዚህኛው ዙር በበሩ ክፍተት አግድም ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ በየድኩ፤ መኪናዋን በጎማዎቿ ቦታ ላይ አስደግፌ ወገቧን በክሪክ በጥቂት በጥቂቱ አነሳሁ። በሩ ቦታው ላይ ተሰቅሎ ዙሪያው እኩል እስኪሆን ድረስ አልበየድኩም። ስበይድም ነጥብ ነጥብ እያደረግሁ፣ አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ ነበር፤ ሙቀቱ ላሜራውን እንዳያጣምመው።

ኤሌክትሪኩ ሌላ ጣጣ ነበረው። ባትሪዋ 6 ቮልት ነው፤ ቦዲ ላይ የሚታሰረውም ፖዘቲቩ። ቶዮታ የለመደ እጄ ኔጋቲቩን አሰረ። ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ባትሪው ተገላብጦ ቢታሰርም ስለሚዞር ምንም አልጠረጠርኩም፣ የባትሪውን ቻርጅ የሚቆጣጠረውን ሬጉላተር አቃጠልኩት። ከዚያ ደግሞ ሞተሪኖው ሲያንቀላፋብኝ ፈትቼ አሠራሁት፤ ብር ማባከን። ጥፋቱ ከሱቅ የገዛሁት ለ12 ቮልት የተሠራ ቀጭን ገመድ ነበር። ቮልቱ ግማሽ ሲሆን ያንኑ ጉልበት ለማግኘት እጥፍ አምፔር ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ገመዱ መወፈር አለበት።

ሞተሩ 3.9 ሊትር፣ 100 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ነው። ጭሱ በሞተሩ አካል ውስጥ አልፎ ስለሚወጣ ውሃውን ያፈላዋል፤ ሁለት የውሃ ፓምፕ የተሰጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። ራዲያተር ከመቀየሬ በፊት የውሃ መተላለፊያዎቹን በሽቦ ስጎረጉር የወጣው የዝገት ጭቃ ጣሳ ሞላ። ከዚያ ወዲህ አልፈላችም። የፍሬን ቱቦዎቹን ግን ደህና የሚመስሉትን ጭምር ቀየርኩ፤ የዚያን ዘመን ፍሬን አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ አንዱ ቢፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን አልባ ይሆናል።

አሁን በሩ በአንድ ጣት ይዘጋል። ጎማ ለመቀየር ክሪክ ላይ ስሰቅላት ግን አልከፍተውም።