ኮምቦልቻ ላይ የቆመ፣ ደሴ ላይ የወደቀ በር

ኮምቦልቻ ውስጥ በሚገኝ አንድ ጋራዥ ተሽከርካሪ የመረከብና የሥራ ካርድ የመክፈት ኃላፊነት ላይ በነበርኩበት ጊዜ፣ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ባሉት ሳምንታት ሦስት ባለንብረቶች አንድ ዓይነት አቤቱታ ይዘው መጡ። የሦስቱም መኪና ተመሳሳይ ሞዴል ኤስዩቪ ሲሆን፣ አቤቱታቸውም የኋላው በር ወደ ላይ ከተከፈተ በኋላ ሳይነኩት ተመልሶ ይወድቃል የሚል ነበር። በሦስቱም ካርድ ላይ «ተፈትሿል፤ ችግር አልተገኘም» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ይህን የጻፍኩት ሳላይ አይደለም። እያንዳንዱን መኪና ከመካኒክ ጋር ሆነን በሩን አሥር ጊዜ ያህል ከፍተን ዘግተናል፤ ከፍተንም ትተነዋል። በሩ አልወደቀም። የመጀመሪያዋ ባለንብረት መምህርት ነበሩ፤ ውጤቱን ስነግራቸው ምንም ሳይከራከሩ ቁልፋቸውን ተቀብለው ሄዱ። ሁለተኛው የመሥሪያ ቤት መኪና የሚይዝ ሾፌር ስለነበር በሩን እስከ መጨረሻው ሳይገፋው ይሆናል ብለን ወደ እሱ አላከክነው። (በጋራዥ ዓለም ሾፌርን መውቀስ ከሁሉ የቀለለ ጥገና ነው።) ሦስተኛው በደሴ በርበሬና ቅመማ ቅመም የሚነግዱ፣ ሁሉም ሰው ሐጂ እያለ የሚጠራቸው አዛውንት ነበሩ። እሳቸው ግን በቀላሉ የሚመለሱ ሰው አልነበሩም።

«ልጄ፣ በሩ ጠላኝ ብዬ አልመጣሁም፤ ይወድቃል ነው የምልህ» አሉኝ።

«ሐጂ፣ እርስዎም ቆመው አይተዋል፤ ይኸው አልወደቀም» አልኳቸው።

«እዚህማ አይወድቅም» አሉና ዝም አሉ። የጉዳዩ ቁልፍ በእነዚህ ሁለት ቃላት ውስጥ እንደነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በዚያች ሰዓት የሰማሁት ቅሬታቸውን ብቻ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ሐጂ ስልክ ደወሉ። ለሰኞው የባቲ ገበያ ዕቃ ሲጫን በሩ ወርዶ የሱቅ ረዳታቸውን ትከሻ መትቶታል። ልጁ ክፉኛ አልተጎዳም፤ ጭንቅላቱን ቢያገኘው ኖሮ ግን ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። እሳቸው አልተቆጡም። «ማየት ከፈለግህ ከሱብሒ በኋላ እኔ ዘንድ ና» ብለው ስልኩን ዘጉ። እሑድ ማታ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ አደርኩ።

ሰኞ ንጋት ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከመጋዘናቸው ደጅ ስደርስ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ የመኪናው መስተዋት በጤዛ ተሸፍኗል። ረዳቱ በአንድ እጁ በሩን ከፍቶ በሌላው የተቆረጠ ዱላ አነሣ። ዱላው የበሩን ከፍታ ለክቶ የተቆረጠ ሲሆን፣ በላይኛው ጫፉ ላይ ቀለም እንዳይፍቅ ጨርቅ ተጠምጥሞበታል። ዱላውን እንዳያስገባው ነግሬው ከበሩ ፈቀቅ ብለን ቆምን። በሩ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ጸጥ ብሎ ቆየ፤ ከዚያ እንደሚያንቀላፋ ሰው አንገት ጥቂት ዝቅ አለ፤ እኩሌታውን ካለፈ በኋላ ግን የሚይዘው አልነበረም፣ ወርዶ ጓ አለ። ሐጂ አንዴ ወደ እኔ ተመለከቱ፤ ምንም አላሉም።

የዚህን ዓይነት በር የሚያቆሙት በግራና በቀኝ ያሉ፣ እኛ በአጭሩ የበር ሾክ የምንላቸው ሁለት ሲሊንደሮች ናቸው። በውስጣቸው ናይትሮጂን ጋዝ በከፍተኛ ግፊት ታምቋል፤ ግፊቱ ብዙውን ጊዜ ከ100 የከባቢ አየር ግፊት ያላነሰ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ በዚህ ግፊት 80 ኪሎ ግራም ገደማ በሚያነሣ ጉልበት ወደ ውጭ ይገፋል። ዘንጉ በሚወጣበት አፍ ላይ ያለው ጎማ ሲያረጅ ጋዙ በዓመታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ያመልጣል። አዲስ ሾክ ጉልበቱ ስለሚተርፈው የአየሩ ሙቀት ከፍ ዝቅ ቢል በሩ ላይ ለውጥ አይታይም፤ ያረጀ ሾክ ግን በሩን ለመሸከም በጭንቅ የሚበቃ ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ ትንሽ ነገር ይጥለዋል። የታመቀ ጋዝ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል፤ በ28 ዲግሪ ሴልሺየስ የነበረ ጋዝ ወደ 8 ዲግሪ ሲወርድ ከጉልበቱ ከመቶ ሰባት ያህል ያጣል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ የኮምቦልቻ ቀትርና የደሴ ንጋት የሚገናኙ አይደሉም። ደንበኞቻችን ከደሴ ወርደው እኛ ዘንድ የሚደርሱት ደግሞ ረፋድ ላይ ነበር፤ መኪናው ፀሐይ ላይ ተራ ሲጠብቅ ይቆይና ስድስት ሰዓት ላይ እንፈትሸዋለን። እኛ የፈተሽነው የሞቀ ሾክ ነበር።

አንድ ባልደረባዬ ምክንያቱ ሙቀት ሳይሆን ከፍታው ነው ብሎ ብዙ ተከራክሮኛል። ሆኖም በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ግፊት ልዩነት የአንድ ከባቢ አየር አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ ከ100 አንጻር ከቁጥር አይገባም፤ ይባስ ብሎም ከላይ ያለው አየር ስለሚሳሳ ሾኩን ያግዘዋል እንጂ አያዳክመውም።

ሐጂ ከመጋዘን የቅመም ሚዛናቸውን፣ መንጠቆ ያለውን ተንጠልጣይ ሚዛን፣ አውጥተው ሰጡኝ። በሩን አስከፍቼ መንጠቆውን ከጫፉ ላይ አስገብቼ ወደ ታች ለመጎተት ስሞክር የሚጎተት ነገር አልነበረም፤ በሩ ራሱ ይመጣል። መኪናውን ይዘን ኮምቦልቻ ወርደን በቀትር ስንደግመው ያው በር ለመውረድ የአንድ ኪሎ ከሩብ ያህል ጉተታ ጠየቀ። እንግዲህ ቆሟል ብዬ የፈረምኩለት በር በአንድ ኪሎ ከሩብ ምሕረት የቆመ ነበር። ሌላም ያላስተዋልኩት ነገር አለ፤ የእኛ ግቢ ሜዳ ነው፣ የሐጂ ደጅ ግን ዳገት በመሆኑ መኪናው አፍንጫውን ሽቅብ አድርጎ ይቆማል፤ ያን ጊዜ የተከፈተው በር ወደ አግድሞሽ ስለሚቀርብ ክብደቱ በሾኩ ላይ ይጨምራል።

የቀሩትን ሁለት ካርዶች አውጥቼ ስልክ ደወልኩ። መምህርቷም ሾፌሩም የደሴ ነዋሪዎች ናቸው። ካርዳችን የሰሌዳ ቁጥር፣ ስልክና ኪሎ ሜትር እንጂ መኪናው የት እንደሚያድር የሚጠይቅ ቦታ አልነበረውም። መምህርቷ፣ «ጠዋት ጠዋት መሆኑን ነግሬህ ነበር እኮ» አሉኝ። በእርግጥም ነግረውኛል፤ እኔ የጻፍኩት ግን «በሩ ይወድቃል» የሚለውን ብቻ ነው።

ጉዳዩን ለአለቃዬ ሳስረዳ በሌላ አገር በሌሎች ሞዴሎች ላይ የደረሰውንም ጠቅሼ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2015 በሰሜን አሜሪካ ከ700,000 በላይ ኤስዩቪዎችን፣ ከእነዚህም ውስጥ ጂኤምሲ አካዲያና ቢዊክ ኢንክሌቭ የሚገኙባቸውን፣ የኋላ በር ሾካቸው ያለጊዜው ስለሚያልቅ ለእርማት ጠርቷል። እነዚያ በሮች በሞተር የሚከፈቱ ስለነበሩ ችግሩ የባሰ ነው፤ ሞተሩ የደከመውን ሾክ ጉድለት ሸፍኖ በሩን ያነሣዋል፣ ባለቤቱም እጁ ስለማይከብደው ድካሙን አያውቅም። ኒሳን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ100,000 በላይ ሮግ መኪኖችን የጠራው የሾኩ ዝገት መከላከያ ቅብ በቂ ስላልነበረ ነው። የእኛዎቹ ከእነዚህ አንዱም አይደሉም፤ በእነሱ ላይ የሆነው ዕድሜና ብርድ ብቻ ነው።

ሾኮቹን በሦስቱም መኪኖች ላይ ጥንድ ጥንድ አድርገን ለወጥን። አንዱን ብቻ መለወጥ በሩን ያጣምመዋል። ሲሊንደሩ ላይ የታተመውን የኒውተን (የጉልበት መለኪያ) ቁጥር ከመኪናው መመሪያ ጋር አመሳከርን፤ ዋናው መካኒካችንም በሩ ሲዘጋ ዘንጉ ወደ ታች እንዲያይ አድርጎ ገጠመው፤ በውስጡ ያለው ጥቂት ዘይት ጎማውን የሚያለሰልሰው በዚህ አኳኋን ሲቆም ነውና። ዘንጉን በፒንሳ የያዘ ተለማማጅ ያን ቀን የሰማውን ተግሣጽ የሚረሳው አይመስለኝም፤ አንዲት ጭረት ጎማውን ለመብላት ትበቃለች። በአዲሱ ሾክ የሐጂ በር ለመውረድ ከአምስት ኪሎ በላይ ጉተታ ፈለገ። ካርዱ ላይም «ችግሩ የሚታየው የት፣ በስንት ሰዓት፣ መኪናው እንዴት ቆሞ?» የሚል መስመር አስጨመርኩ፤ አለቃዬ ወረቀት በዛ ብሎ ቢያጉረመርምም አልከለከለኝም።

ሐጂ መኪናቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ዱላው አሁንም ከኋላ ተጋድሞ አየሁት።

«ሐጂ፣ ይህንንስ አሁን ይተዉልን» አልኳቸው።

በሩን በሁለት እጃቸው ዘግተው፣ «አንድ ኅዳር ይለፍበት፣ ከዚያ አመጣልሃለሁ» አሉኝ።