ፊውዙን ያየው ልጅ
ቅዳሜ ፎቶ የማነሳው ሠርግ አለብኝ፤ የካሜራ ፍላሼን የሚመግበው ፓወር ፓክ ባትሪው ሞተ። ዛሬ ፒያሳ አንድ ጥገና ቤት ይዤው ሄድኩ። የገባበት ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ነው፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚያቆየው) ውስጥ ያለው ዓይነት። ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ትከሻዬ ያውቀዋል። እዚያ ያለው ቀለል ያለ ሊቲየም ባትሪ አማረኝ።

የጥገና ቤቱ ልጅ ቮልቱን አላየም። ፊውዙን ነቅሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገው። "20 አምፔር ይላል። ፍላሹ ሲሞላ ብዙ ይስባል ማለት ነው።" ከዚያ ሊቲየሙ ላይ የተጻፈውን በጣቱ አሳየኝ፤ ውስጡ ያለው መከላከያ ቦርድ ከ10 አምፔር በላይ ሲሳብ ኃይሉን ይቆርጣል። ቮልቱ ገጥሞልኝ ሙሽሮቹ ፊት ይጠፋብኝ ነበር!

"ለጊዜው የእርሳሱን ውሰድ ወንድሜ። ሊቲየም ከፈለግክ ጠንከር ያለ ቦርድና የራሱ ቻርጀር ያለው ፈልግ።"

ውዱን ሊሸጥልኝ ይችል ነበር እኮ። አልበሙ ላይ የሚጻፈው የእኔ ስም ነው። መብራቱን ያቆየልኝ ግን እሱ ነው።