ጥቁር ውሃን ወደ ስዋት ፕላስ ማሻገር፦ ሞዴል ላይ በበጋ የሚደርቀው ወንዝ

ጥቁር ውሃ በበጋም አይደርቅም። ዓመቱን ሙሉ እየፈሰሰ ሐዋሳ ሐይቅ የሚገባው ወንዝ እሱ ብቻ ነው። የወንዝ ፍሰት የሚያሰላው የኮምፒውተር ሞዴል፣ ስዋት፣ የጥር ፍሰት ዜሮ ነው ካለ የተሳሳተው ማን እንደሆነ ለማወቅ ድልድዩ ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል። ከድሮው ስዋት 2012 ወደ አዲሱ ስዋት ፕላስ ስንሻገር ብዙ ቀን የበላን ይህ ዜሮ ነው። አሁን ስለተፈታ፣ ሽግግሩን የጀመራችሁ እዚያው እንዳትንገላቱ ዝርዝሩን እነሆ።

የድሮው ስዋት ማዘጋጃ አርክስዋት ያለ አርክማፕ (የኢስሪ ኩባንያ የካርታ ሶፍትዌር) አይሠራም፤ ኢስሪ ደግሞ የአርክማፕ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2026 እንደሚያበቃ ያሳወቀው ቀደም ብሎ ነው። የስዋት ፕላሱ ማዘጋጃ ኪውስዋት ፕላስ የሚሠራው በነጻው የካርታ ሶፍትዌር በኪውጂአይኤስ ላይ ስለሆነ የፈቃድ ጣጣ የለበትም። የአርክስዋትን ፕሮጀክት እንዳለ የሚቀይር መሣሪያም አለው። በእኔ አስተያየት ግን ዴሙን (የመሬት ከፍታ ካርታውን)፣ የመሬት አጠቃቀም ካርታውን፣ የአፈር ካርታውንና የአየር ጠባይ ፋይሎቹን ብቻ ይዞ ከባዶ መጀመር ይሻላል። አሮጌው ፕሮጀክት እንዳለ ሲቀየር አሮጌው ስህተትም አብሮ ይሻገራል።

ካርታ ላይ የሚያስቸግረው ዳተም (ካርታው ቦታን የሚለካበት መነሻ) ነው። ሐዋሳ ያለችው በዩቲኤም (የካርታ ፍርግርግ) ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ነው። ከድሮ የአፈርና የወንዝ ካርታዎች ብዙዎቹ በአዲንዳን ዳተም የተሠሩ ናቸው፤ ከኢንተርኔት የሚወርደው ዴም ደግሞ በደብሊውጂኤስ 84 ነው። በኪውጂአይኤስ የአዲንዳኑ ኮድ 20137፣ የሌላው 32637 ነው። የኮዱን ስም ብቻ ለውጦ ሪፕሮጀክት ያላደረገ (ካርታውን ራሱን ወደ አዲሱ ዳተም ያልቀየረ) ሰው፣ በእኛ አካባቢ ወንዙ በሰሜንና ደቡብ አቅጣጫ 200 ሜትር፣ በምሥራቅና ምዕራብ 90 ሜትር ገደማ ተዛንፎ ያገኘዋል። በ30 ሜትር ዴም ላይ ይህ ወደ ሰባት ፒክስል ነው። ጨለለቃ ረግረግ ላይ ሲሆን ጣጣው ይብሳል። ቦታው ሜዳ ስለሆነ ዴሙ ብቻውን የሚያወጣቸው ወንዞች በማስመሪያ የተሰመሩ ትይዩ መስመሮች ይመስላሉ፤ ስለዚህ የተስተካከለ የወንዝ ካርታ በርን-ኢን ማድረግ (ወንዙን ዴሙ ላይ ቀርጾ ማስገባት) ግድ ነው። የተዛነፈ ካርታ በርን-ኢን ከማድረግ ግን ባይደረግ ይሻላል።

የአፈር ሰንጠረዡ ከአክሰስ ወደ ሲኤስቪ ወጥቶ ይገባል። ስሞቹ መጨረሻ ላይ የተረሳች ባዶ ቦታ እንዳትኖር ተመልከቱ፤ በዓይን አትታይም፣ ስሙ ግን አልተገኘም ያሰኛል። የዝናብ ፋይሉን የስዋት ፕላስ ኤዲተሩ ራሱ ይቀይረዋል። የድሮው ፋይል ቀኑን የሚጽፈው የመጀመሪያው መስመር ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ቁጥር ብቻ ይደረደራል። መሐል ላይ አንድ መስመር ከጎደለ ከዚያ ወዲያ ያለው ዝናብ ሁሉ በአንድ ቀን ይቀድማል። በአዲሱ ፋይል እያንዳንዱ መስመር ዓመቱንና የዓመቱን ስንተኛ ቀን መሆኑን ይዟል። ከቅየራው በኋላ የመጨረሻው መስመር መረጃችሁ ያበቃበትን ቀን ካልያዘ አንድ ነገር ጎድሏል ማለት ነው። የጠፋ ቀን ቦታው በ-99 ይሞላል እንጂ አይዘለልም።

አሁን ወደ ከርሰ ምድሩ። በስዋት 2012 የቤዝፍሎውን (ከከርሰ ምድር ወደ ወንዝ የሚወጣውን ፍሰት) ገደብ የሚይዘው ጂደብሊውኪውኤምኤን ነው። በሚሊ ሜትር ይለካል፤ «የከርሰ ምድር ቋቱ ውስጥ ይህን ያህል ውሃ ሳይጠራቀም ወደ ወንዝ አይፈስም» ማለት ነው። ሳይነካ ሲቀር 1000 ነው። በስዋት ፕላስ ቦታውን የያዘው ፍሎ-ሚን ነው። እሱ የሚለካው በሜትር፣ የሚቆጠረውም ከመሬት ገጽ ወደ ታች ነው፦ ውሃው እዚህ ጥልቀት ላይ ወይም ከዚያ በላይ ሲገኝ ፍሰት ይጀምራል። አቅጣጫው ተገልብጧል። የድሮውን ብታሳድጉት ቤዝፍሎው ይቀንሳል፤ አዲሱን ብታሳድጉት ይጨምራል። 1000 ሚሊ ሜትር ያው አንድ ሜትር ነው ብሎ ፍሎ-ሚን ላይ 1 የጻፈ ሰው፣ ውሃው አንድ ሜትር እስኪቀረው ድረስ ካልወጣ ጠብታ አታፍስስ እያለ ነው። የእኛም ዜሮ የመጣው ከዚሁ ነው።

መለወጫው የአኩፈር (የከርሰ ምድር ቋት) ፋይሉ ውስጥ ካሉ ሁለት ቁጥሮች ይወጣል፦ ዴፕ-ቦት (የቋቱ ወለል ጥልቀት) እና ስፔክ-ይልድ (ከቋቱ ይዘት ውሃ ሆኖ የሚወጣው ድርሻ)። ስፔክ-ይልድ 0.05 ከሆነ አንድ ሜትር ውፍረት የሚይዘው 50 ሚሊ ሜትር ውሃ ነው። ወለሉ 10 ሜትር ላይ ከሆነ ቋቱ ጢም ብሎ ቢሞላ 500 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የድሮው 1000 ከነጭራሹ አይገባበትም፤ 20 ሜትር ውፍረት ይፈልጋል። ካሊብሬት የተደረገው (ከተለካ ፍሰት ጋር እንዲስማማ የተስተካከለው) የድሮ ገደብ 200 ቢሆንስ? 200 ለ50 ሲካፈል 4 ሜትር፣ ከ10 ላይ ሲቀነስ 6፤ ፍሎ-ሚን 6 ይሆናል። ይህ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ ግን ቢያንስ ወንዙን አያደርቅም።

ዋርም አፑም (ሞዴሉ የሚሟሟቅባቸው፣ ውጤታቸው የማይቆጠር የመጀመሪያ ዓመታት) ከዚሁ ጋር ይሄዳል። መነሻው የውሃ ወለል 6 ሜትር፣ ፍሎ-ሚን 1 ሜትር ቢሆን መሐል ያለው 5 ሜትር 250 ሚሊ ሜትር ይውጣል። በዓመት 100 ሚሊ ሜትር ወደ ታች የሚሰርግ ቢሆን ወንዙ ለመነሳት ሁለት ዓመት ተኩል ይጠብቃል ማለት ነው፤ ያውም ወደ ላይ የሚመለሰውና ወደ ጥልቁ የሚወርደው ሳይቀነስ። ሁለት ዓመት ዋርም አፕ ሰጥቶ ካሊብሬሽን የጀመረ ሰው የሚያስተካክለው ወንዙን ሳይሆን ያልሞላ ቋት ነው። ሬቫፕ-ሚንም (ውሃ ከቋቱ ወደ ላይ የሚመለስበት ገደብ) እንዲሁ ከሚሊ ሜትር ወደ ጥልቀት በሜትር ተዛውሯል፤ ለብቻው አይታይም። ጂደብሊው-ዲሌይ (ውሃው ቋቱ እስኪደርስ የሚዘገይበት ጊዜ፣ በድሮው 31 ቀን) ደግሞ በአኩፈር ፋይሉ ውስጥ አምድ የለውም፤ አትፈልጉት። አልፋ (ቤዝፍሎው የሚቀንስበት ፍጥነት) ግን ትርጉሙን ስላልቀየረ የድሮው ዋጋ ለመነሻ ያገለግላል።

ይህን ሁሉ ለማየት የሚበቃው ወርሃዊው የአኩፈር ውጤት ነው። የፕሪንት ፋይሉ ላይ አስከፍቱትና የውሃ ወለሉን አምድ ከፍሎ-ሚን ጋር በአንድ ግራፍ ላይ ሳሉት። የውሃ ወለሉ ዓመት ከዓመት ከገደቡ ጠልቆ ከቆየ ምክንያቱን አገኛችሁት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ሳያዩ በቀጥታ አንድ ሺህ ሩጫ ማዘዝ፣ ከዚያም ጥሩ ናሽ-ሳትክሊፍ (የሞዴሉና የተለካው ፍሰት ምን ያህል እንደተቀራረቡ የሚያሳይ ነጥብ) መጣ ብሎ መደሰት አይገባኝም። የክረምቱ ጎርፍ ትልቅ ስለሆነ ናሽ-ሳትክሊፍን ወደ ላይ ይስበዋል፤ የደረቀው ጥር እዚያ ውስጥ ተደብቆ ያልፋል። የበጋውን ወራት ለብቻ በሎግ መሳል ያጋልጠዋል።

የካሊብሬሽን ፋይሉም የራሱ ወጥመድ አለው። በስዋት-ካፕ (የድሮው ካሊብሬሽን ፕሮግራም) «አር» ብለን ሲኤን2 (ከዝናቡ ምን ያህሉ ጎርፍ እንደሚሆን የሚወስነው ቁጥር) ላይ -0.1 ስንጽፍ በ10 በመቶ ቀንስ ማለታችን ነበር። በስዋት ፕላስ ተመጣጣኙ ፒሲቲ-ቸንጅ ሲሆን የሚጠብቀው በመቶኛ ነው፤ -10 ይጻፋል። -0.1 ብትጽፉለት ሳያኮርፍ ተቀብሎ አንድ አሥረኛ በመቶ ይቀንሳል፤ እናንተም ሲኤን2 ፍሰቱን አይነካውም ብላችሁ ትደመድማላችሁ። የድሮው «ቪ» (በአዲስ ዋጋ ተካ) አብስ-ቫል፣ «ኤ» (ይህን ያህል ደምር) አብስ-ቸንጅ ሆነዋል።

የቻናል (የወንዝ ክፍል) ቁጥር ደግሞ አታስተላልፉ። የድሮው ሪች 7 ከአዲሱ ቻናል 7 ጋር ዝምድና የለውም። መለኪያ ጣቢያው የትኛው ቻናል ላይ እንደወደቀ ካርታው ላይ አይታችሁ በጂአይኤስ መለያው ያዙት።

ያልጨረስነው ሐይቁን ነው። ሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ የለውም። ኪውስዋት ፕላስ የሐይቅ ካርታ ይቀበላል፤ እኛ ግን ለጊዜው መውጫ ነጥቡን ጥቁር ውሃ መለኪያ ጣቢያው ላይ አድርገን ሐይቁን ከሞዴሉ ውጭ ትተነዋል። ሥራው የሐይቁን ከፍታ ከሆነ ይህ መንገድ አያዋጣችሁም።