ስፓርታከስን ሁለት ጊዜ ገዛሁት

አባዬ ሊጠይቀን ከአዲስ አበባ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲመጣ፣ በሮማ ላይ ስላመፁ ባሪያዎች የሚተርከውን የድሮ ፊልም፣ «ስፓርታከስ»ን አብረን እንድናይ አሰብኩ። በወጣትነቱ ሲኒማ ቤት አይቶታል። ልጆች ሆነን ማታ ማታ እንደ ተረት ይተርክልን ነበር።

ማጫወቻውን ያገለገለ ገዛሁ፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁት፣ አለቀ። ጣጣው የመጣው ከዲስኩ ነው።

ኢንተርኔት ላይ አንድ ሻጭ «የታደሰ» ብሎ የፊልሙን ብሉሬይ፣ ማለትም ጥራት ያለው ምስል የሚይዘውን ዲስክ፣ ለጥፏል። ፎቶው ላይ የሚታየው ሽፋን የ2015ቱ እትም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ዋጋው ረከሰልኝና አዘዝኩ። ዕቃው ሲደርስ አባዬ ሶፋው ላይ ተመቻችቶ እየጠበቀ ነበር። ላስቲኩን ቀድጄ ዲስኩን ከተትኩት። ሽፋኑን ገልብጬ አላየሁም። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ፊልሙ የሚጀምረው ሊቢያ ውስጥ፣ ባሪያዎች ፀሐይ ላይ ድንጋይ ከሚፈልጡበት ቦታ ነው። ስፓርታከስን የሚጫወተው ከርክ ዳግላስ ፊት ላይ ላብና አቧራ መታየት አለበት። እኛ ያየነው ግን ልስልስ ያለ ፊት ነው። አባዬ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ «ምነው ሰዎቹን ሻማ አስመሰሏቸው?» አለኝ። ትልቁ ጦርነት ላይ ስንደርስ ደግሞ ባሰ። ያንን የቀረጹት ስፔን ውስጥ ነው፤ የሮማን ሠራዊት ሆነው የተሰለፉት በሺዎች የሚቆጠሩ እውነተኛ የስፔን ወታደሮች ናቸው። ያ ሁሉ ሰው ከሩቅ ሲታይ ውሃ እንደነካው ቀለም ተደበላልቋል። አንጀቴ አረረ።

ሽፋኑን አንስቼ ሳየው የ2010ሩ፣ የ50ኛ ዓመት መታሰቢያ እትም ነው። ነገሩ የገባኝ በኋላ ሳነብ ነው። ያ እትም የተሠራው ከቆየ ማስተር፣ ማለትም ዲስኮቹ ከሚባዙበት ዋና ቅጂ ነው። በዚያ ላይ ግሬን የሚሉትን የፊልሙን ቅንጣት በኮምፒውተር ጠርገውታል። ግሬን ቆሻሻ አይደለም። ምስሉ የተሠራው ከእሱ ነው። እሱን ስትጠርግ የቆዳውን ሸካራነት፣ የልብሱን ክር፣ የሩቁን ሰው ፊት አብረህ ትጠርጋለህ። ፊልሙን ያደሰው ሮበርት ሃሪስ ራሱ ያንን ዲስክ በግልጽ ነቅፎታል።

ለሻጩ ጻፍኩለት። «የታደሰ ነው፣ አልዋሸሁም» ብሎ መለሰልኝ። የሚያናድደው ቃሉ ሐሰት አለመሆኑ ነው። ፊልሙ 1960 ላይ ወጣ። 1967 ላይ እንደገና ለዕይታ ሲቀርብ 23 ደቂቃ ተቆርጦበት ነበር። 1991 ላይ ሃሪስ የተቆረጠውን መለሰ፤ ከመጀመሪያውም ሳንሱር ያስወጣውን የሮማዊውን ሹም የክራሰስንና የባሪያውን የአንቶናይነስን የመታጠቢያ ቤት ትዕይንት ጨመረበት። የዚያ ትዕይንት ምስሉ ቢገኝም ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ክራሰስን የተጫወተው ሎረንስ ኦሊቪዬ 1989 ላይ ስለሞተ ተዋናዩ አንቶኒ ሆፕኪንስ ድምፁን ተክቶ ተናገረለት፤ አንቶናይነስን የተጫወተው ቶኒ ከርቲስ የራሱን እንደገና ቀረጸ። ስለዚህ የ2010ሩ ዲስክም የያዘው ይህንኑ የታደሰ ፊልም ነው። ርዝመቱ ተመልሷል፣ ምስሉ ግን ተበላሽቷል። ምስሉ በደንብ የታደሰው ለ2015ቱ እትም ነው፤ በ6ኬ ስካን ተደርጎ በ4ኬ ተሠራ (ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ምስሉ ብዙ ዝርዝር ይይዛል)።

«ፎቶህ ላይ ያለው ሌላ ሽፋን ነው» ስለው «ፎቶው ለማሳያ ነው» አለኝ። «እሺ ልመልሰው» ስለው «ላስቲኩ ተከፍቷል» አለኝ። በኢሜይል እንዲህ ስንባባል ሳምንት አለፈ። ገንዘቡስ ይቅር። አባዬ የሚቆየው አንድ ወር ብቻ ነበር።

እኔን የሚሰማ ካለ፣ «የታደሰ» የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ አይግዛ። መቼ ነው የታደሰው? ምኑ ነው የታደሰው? ሻጩ በእጁ ያለውን ሽፋን ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንስቶ ካልላከ ይቅርባችሁ። ሌላም አለ። የቴሌቪዥኔ መመሪያ ለድሮ ፊልም «ኖይዝ ሪዳክሽን»ን፣ ቅንጣቱን የሚጠርገውን ማስተካከያ፣ አብራ ይላል። አጥፉት! እንቅስቃሴውን እንደ ሳሙና የሚያንሸራትተውን ማስተካከያም አጥፉት። አለዚያ ጥሩውን ዲስክ ገዝታችሁም ቴሌቪዥኑ መልሶ ሻማ ያደርግባችኋል።

ሁለተኛውን ዲስክ፣ የ2015ቱን፣ ሱቅ ሄጄ፣ የሽፋኑን ጀርባ አንብቤ ገዛሁ። አባዬ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ከፈትነው። ድንጋይ ፈላጮቹ ጋ ስንደርስ ሪሞቱን ከእጄ ወስዶ ምስሉን አቆመው። የዳግላስ ቆዳ ላይ ላቡና አቧራው ይታያል። አባዬ ዝም ብሎ ቆየ።

«ያኔ ያየሁት ይሄንን ነው» አለኝና ፊልሙን መልሶ ለቀቀው።