ቁልቁል የሚወረድበት መቅደስ

ጃፓን ውስጥ ካለችው ከሚያዛኪ ከተማ ወደ ደቡብ በሚሄደው አውቶቡስ ከተሳፈራችሁ በግራ በኩል ያለውን ወንበር ተሻሙ። በቀኝ ተራራ ነው። በግራ ግን ገደሉና ፓስፊክ ውቅያኖስ ናቸው፤ መንገዱ የኒቺናንን የባሕር ዳርቻ ይዞ ይጠማዘዛል።

ኡዶ ጂንጉ የሚባለው የሺንቶ፣ ማለትም የጃፓን ነባር ሃይማኖት፣ መቅደስ ያለው ገደሉ ውስጥ፣ ባሕር በቦረቦረው ዋሻ ነው። ጃፓን ውስጥ መቅደስ መሳለም አብዛኛውን ጊዜ ደረጃ መውጣት ማለት ነው። እዚህ ግን ቁልቁል ይወረዳል። ንፋሱ ኮፍያ አያስደርግም። ማዕበሉ ቋጥኙን በደበደበ ቁጥር ፍንጣቂው ፊት ላይ ያርፋል።

ዋሻው ውስጥ ያለው ቀይ ሕንፃ በ1711 እ.ኤ.አ. እንደገና የተሠራና በኋላም የታደሰ ነው። ታሪኩ ግን ከሕንፃው ይብሳል። የባሕር አምላክ ልጅ ቶዮታማሂሜ ልትወልድ እዚህ መጣች። ባሏን «ስወልድ እንዳታየኝ» አለችው። አላስቻለውም፣ አጮልቆ አየ። ያየው የባሕር አውሬ ሆና ነው። በዚህ አፍራ ወደ ባሕሯ ተመለሰች። ልጁ እንዳይራብ ግን ጡቶቿን ዋሻው ግድግዳ ላይ ትታለት ሄደች ይባላል። ያ ልጅ የጃፓን የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት የሚባለው የጂሙ አባት ነው።

ጡቶቹን አየኋቸው። ከሕንፃው ጀርባ ሁለት ጉብ ጉብ ያሉ ድንጋዮች ናቸው፤ ውሃ ጠብ ጠብ ይልባቸዋል። በዚያ ውሃ የተሠራ ከረሜላም ይሸጣል። እርጉዞችና አራሶች ይገዙታል። እኔም ምን አገባኝ ሳልል ገዛሁ። ይጣፍጣል፣ ሌላ የተለየ ነገር የለውም።

ሰው የሚንጋጋው ግን አጥሩ ጋ ነው። ታች ባሕሩ ዳር ኤሊ የሚመስል ቋጥኝ አለ፤ ጀርባው ላይ በገመድ የተከበበ ጉድጓድ አለው። አምስት ትንንሽ የሸክላ ኳሶች በ200 የን ትገዙና ትወረውራላችሁ። ጉድጓዱ ውስጥ የገባለት ምኞቱ ይሰምርለታል። ወንድ በግራ እጁ፣ ሴት በቀኟ! ድሮ የሚወረወረው ሳንቲም ነበር። የሸክላዎቹን ኳሶች መሥራት የጀመሩት የሰፈሩ ተማሪዎች ናቸው።

በግራ እጄ ድንጋይ እንኳ ወርውሬ አላውቅም። የመጀመሪያዋ ኳስ ወዴት እንደበረረች እሷ ትወቀው። አጠገቤ የነበሩት አሮጊት ግን ሳያነጣጥሩ ወርውረው ገመዱ ውስጥ ከተቱ። የማናውቃቸው ሁላችን አጨበጨብን። ባላቸው ኳሶቻቸውን በግራ እጃቸው ጨብጠው፣ ተራቸውን ለኔ ሊለቁልኝ ይለማመጡኝ ጀመር።