በአሮጌ ዲዩአይ ወደ ካናዳ በመኪና

አሜሪካ ውስጥ የድሮ የጠጥቶ መንዳት ኬዝ፣ ዲዩአይ የሚሉት፣ አለብኝ። የአክስቴ ልጅ ቶሮንቶ ልታገባ ነው፣ በመኪና ልንሄድ ነው ስል ዙሪያዬ ያለው ሰው በሙሉ «ኧረ ሚስደሚነር (ቀላል ወንጀል) እኮ ነው፣ ያውም የድሮ፣ ማን ያየዋል» ነው ያለኝ። እኔ ግን በዚህ ምክር ተማምነው ሄደው ከድንበሩ ድልድይ የተመለሱ ሰዎች ስለማውቅ አልተቀበልኩትም። የካናዳ ቦርደር ኦፊሰሮች ፓስፖርታችሁን ሲያስገቡ አሜሪካ ያለውን የወንጀል ሪከርድ እዛው ኮምፒውተራቸው ላይ ማየት ይችላሉ፣ ደግሞ አሜሪካ ሚስደሚነር ትበለው ፌለኒ (ከባድ ወንጀል) ለነሱ ጉዳያቸው አይደለም፣ የሚያዩት ያው ድርጊት ካናዳ ውስጥ ቢፈጸም በካናዳ ህግ ምን ያስቀጣል የሚለውን ነው።

የኔ ዲዩአይ በፈረንጆቹ የ2009 ነው። ቅጣቱም ክላሱም ፕሮቤሽኑም (ፍርድ ቤቱ የሚከታተልበት ጊዜ) 2010 ላይ አለቀ፣ ከዛ ወዲህ ምንም የለብኝም።

እና እንዴት ነው የሚገባው? ካናዳ ውስጥ ጊዜ ራሱ የሚፈታው ነገር አለ፣ ዲምድ ሪሃቢሊቴሽን ይሉታል። ያለባችሁ አንድ ጥፋት ብቻ ከሆነና የዛ ጥፋት ከፍተኛ ቅጣት በካናዳ ህግ ከ10 ዓመት በታች ከሆነ፣ ቅጣታችሁን ከጨረሳችሁ 10 ዓመት ሲሞላ ማመልከቻ ሳታስገቡ እንደታረማችሁ ትቆጠራላችሁ። ልብ በሉ፣ 10 ዓመቱ የሚቆጠረው ከተያዛችሁበት ቀን አይደለም፣ ከተፈረደባችሁም ቀን አይደለም፣ የመጨረሻው ነገር ካለቀበት ቀን ነው፣ ፕሮቤሽን ከሆነ ፕሮቤሽኑ፣ ያልተከፈለ መቀጮ ካለ መቀጮው የተከፈለበት ቀን። መቀጮ ሳይከፍል ዓመታት ያሳለፈ ሰው ቆጠራው ገና አልጀመረለትም ማለት ነው።

ዲዩአይ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ዲሴምበር 18 ቀን 2018 ካናዳ ህጉን አጠበቀችው፣ የጠጥቶ መንዳት ከፍተኛ ቅጣት ከ5 ዓመት ወደ 10 ዓመት ወጣ። ስለዚህ ከዛ ቀን በኋላ ለተፈጸመ ዲዩአይ ጊዜ ብቻውን አይሰራም፣ 20 ዓመትም ቢያልፍ ማመልከት ግድ ነው። ከዛ በፊት የተፈጸመው ነው በድሮው የሚታየው፣ እኔ የገባሁት በዚህ ነው።

ወረቀቱ ነው ያደከመኝ እንጂ መንገዱ አይደለም። ፋይሉ አርጅቶ አርካይቭ ገብቶ ነበር፣ ኮርቱ ክለርክ ጋ ደጋግሜ ደውዬ ነው ማህተም ያለበት የውሳኔ ወረቀት ያወጣሁት፣ ፕሮቤሽን የጨረስኩበት ደብዳቤ፣ መቀጮው የተከፈለበት ማስረጃ፣ እና አሻራ ሰጥቼ የኤፍቢአይ ሪከርዴን አስመጣሁ፣ እሱ 18 ዶላር ነው። ሪከርዳችሁን ያሰረዛችሁ ሰዎችም ብትሆኑ ወረቀቱን እንዳትጥሉት፣ አሜሪካ ተሰረዘ ማለት ካናዳ በቀጥታ ትቀበለዋለች ማለት አይደለም።

በበፋሎ በኩል ነው የሄድነው፣ ፒስ ብሪጅን ተሻግራችሁ ፎርት ኢሪ ትገባላችሁ። ኪዮስኩ ላይ ያለው ኦፊሰር የት ነው የምትሄዱት፣ ስንት ቀን ትቆያላችሁ፣ መሳሪያ አለ ወይ አለና ከዛ ተይዘህ ወይ ተከሰህ ታውቃለህ አለኝ። አዎ፣ 2009 ላይ ዲዩአይ፣ ወረቀቱ ሁሉ አለኝ አልኩት። ፊቱም አልተቀየረም፣ የሆነ ወረቀት ላይ ጻፈና መኪናውን እዛ አቁማችሁ ወደ ውስጥ ግቡ አለን።

ውስጥ መቀመጡ ከባድ ነው። ባለቤቴ ምንም አላለችም፣ እኔም ፎልደሩን ይዤ ዝም። አጠገባችን የነበረ ልጅ ኦፊሰሩ ሲጠይቀው የለብኝም አለ፣ ኦፊሰሩ ስክሪኑን እያየ ቀኑንና ስቴቱን ነገረው። ልጁ የተናገረውን መመለስ አልቻለም። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ምክንያቱም ጥፋቱ ቀላል ሊሆን ይችላል፣ ውሸቱ ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፣ ካናዳ ውስጥ አሳሳች መረጃ ሰጠ ከተባለ ለ5 ዓመት መግባት ሊከለከል ይችላል። ምን እንደወሰኑበት አላየሁም፣ ከኛ በፊት ወደ ሌላ ክፍል ወሰዱት።

እኔን ያናገረችኝ ኦፊሰር የፍርዱን ወረቀት ቶሎ ነው ያለፈችው፣ ብዙ የቆየችው የፕሮቤሽኑ ደብዳቤ ላይ ነው። ቀኑን በጣቷ እያሳየች ከዚህ በኋላ ሌላ ነገር አለ አለችኝ፣ የለም አልኳት፣ የኤፍቢአዩን ወረቀትም ሰጠኋት። አለቃዋን ልታናግር ሄደች። ስትመለስ ፓስፖርቶቻችንን ሰጠችንና መልካም ሰርግ፣ ግን እነዚህን ወረቀቶች በመጣህ ቁጥር ያዛቸው አለችኝ። መኪና ውስጥ ስንገባ ባለቤቴ አለቀሰች፣ እኔም ለመንዳት ትንሽ ቆየሁ።

10 ዓመት ላልሞላችሁ ወይም ከ2018ቱ ለውጥ በኋላ ለሆነባችሁ ሁለት መንገድ አለ። ቅጣቱ ካለቀ 5 ዓመት ከሞላው ሪሃቢሊቴሽን ማመልከት ይቻላል፣ እሱ ከጸደቀ ለዘለቄታው ነው፣ ግን ብዙ ወር ይፈጃልና ሰርግ ሲደርስ አይጀመርም። ካልሞላ ደግሞ ቲአርፒ የሚባል ጊዜያዊ ፈቃድ አለ፣ ቦርደሩ ላይም መጠየቅ ይቻላል፣ ውሳኔው ግን የኦፊሰሩ ነው፣ ክፍያውም እምቢ ስላሉ አይመለስም፣ ልጆች ጭናችሁ በዛ ተስፋ አትሂዱ።

ስንመለስ አሜሪካኖቹ ብዙም አልጠየቁንም፣ ሲትዝን ስለሆንን። አብራን ልትመጣ የነበረች ጓደኛችን ግን ግሪን ካርድ ነው ያላት፣ የድሮ የሱቅ ስርቆት ኬዝ አለባት፣ ጠበቃዋ ካናዳ ብትገቢ እንኳን ስትመለሺ እንደ አዲስ ገቢ ሊያዩሽ ይችላሉ ብሏት ቀረች። ግሪን ካርድ ያላችሁ ሰዎች መውጫውን ብቻ ሳይሆን መመለሻውንም ቲኬት ሳትቆርጡ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ፣ የወንጀል ኬዛችሁን የያዘው ጠበቃ ይሄን ላያውቀው ይችላል።