ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አለ?

በኮድ የወጣ ፒዲኤፍ ሲከፈት በአማርኛው ቦታ ባዶ ሳጥኖች ከተደረደሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ ጤነኛ ነው፤ ፊደሉን የማያውቀው ፎንቱ ነው። ፒዲኤፍ 14 መደበኛ ፎንቶች አሉት፦ ሄልቬቲካ፣ ታይምስና ኩሪየር እያንዳንዳቸው በአራት ዓይነት፣ ሁለቱ ደግሞ የምልክት ፎንቶች ናቸው። አንዳቸውም የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ፒዲኤፍ የሚያወጡ ብዙ ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) ሌላ ካልተነገራቸው የሚይዙት ከእነዚሁ አንዱን ነው። ስለዚህ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው የራሱን ፎንት መጫን ጌጥ አይደለም።

ዋናው ሥራ አጭር ነው። ሪፖርትላብ በሚባለው የፓይተን ላይብረሪ የቲቲኤፍ (የተለመደ የፎንት ፋይል ዓይነት) ፋይሉን ስም ሰጥቶ ማስመዝገብ፣ ከመጻፍ በፊት በዚያ ስም መጥራት፤ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቦልድ ራሱን የቻለ ፋይል ስለሆነ ለብቻው ተመዝግቦ ከቤተሰቡ ጋር መያያዝ አለበት። ሪፖርትላብ የፊደሉን ቅርጽ በፖስትስክሪፕት ስልት የያዘ ኦቲኤፍ (ሌላ የፎንት ፋይል ዓይነት) አይቀበልም፤ የፋይሉን ቅጥያ ወደ ቲቲኤፍ መቀየርም አያታልለውም። ሁሉንም ውፍረት በአንድ ፋይል የያዙት ተለዋዋጭ ፎንቶች ሲሰጡት ደግሞ ብዙ ላይብረሪ መነሻውን ውፍረት ብቻ ያወጣል። ፎንትቱልስ በሚባለው የፎንት ማስተካከያ መሣሪያ የሚፈለገውን ውፍረት ነጥሎ ቋሚ ፋይል ማውጣት ይሻላል።

አድራሻውም ያስቸግራል። አንጻራዊ አድራሻ የሚቆጠረው ኮዱ ካለበት ፎልደር ሳይሆን ፕሮግራሙ ከተነሣበት ነው፤ ላፕቶፕ ላይ የሠራው ሰርቨር ላይ «ፋይሉ የለም» የሚለው ለዚህ ነው። ፎንቱን ከኮዱ ጋር አስቀምጦ አድራሻውን ከኮድ ፋይሉ ቦታ ማስላት ነው የሚያዋጣው። ሲስተሙ ላይ በተጫነ ፎንት መተማመን አይመቸኝም።

ፒዲኤፉ ስክሪን ላይ ማማሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ፖፕለር ከሚባለው የፒዲኤፍ መሣሪያ ጋር የሚመጣው ፒዲኤፍፎንትስ የሚባል ትእዛዝ ለእያንዳንዱ ፎንት ሦስት ነገር ይናገራል፦ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል ወይ፣ የገባው ተቀንሶ ነው ወይ፣ ወደ ዩኒኮድ የሚመልስ ሠንጠረዥ አለው ወይ። የመጀመሪያው «የለም» ከሆነ አንባቢው ማሽን ላይ ሌላ ፎንት ይተካል። ሦስተኛው ከጎደለ ደግሞ ገጹ ያምራል፣ ነገር ግን ፍለጋም ኮፒም ብዙውን ጊዜ አይሠራም። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች እዚህ ላይ ልዩ ችግር አላቸው፤ የግዕዝን ቅርጽ በላቲን ኮድ ላይ ስለሚያስቀምጡ ኮፒ ሲደረጉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ይወጣል። ምንም ቢያምሩ አልጠቀምባቸውም።

መቀነስ ማለት ሰነዱ ውስጥ የተጠቀሙባቸውን ፊደላት ብቻ ማስገባት ነው፤ የተቀነሰ ፎንት ከስሙ ፊት ስድስት የላቲን ፊደልና የመደመር ምልክት ስላለው ይታወቃል። የፋይሉን መጠን በጣም ስለሚያሳንስ ደስ ይላል። የሚሞላ ፎርም ላይ ግን ጉድ ያፈላል፦ ፎንቱ ለ«ስም» እና ለ«አድራሻ» ብቻ ተቀንሶ ከገባ፣ ፎርሙን የሚሞላው ሰው የሚጽፈው «ጴጥሮስ» ፊደል አይገኝለትም። ለፎርም ሜዳ ሙሉውን ፎንት ማስገባት ያስፈልጋል።

የመስመር ስፋትም በዚያው ፎንትና በዚያው መጠን ይለካ። በሄልቬቲካ ልክ የተሰላ የሠንጠረዥ ዓምድ አማርኛ ሲገባበት ከመስመሩ ይወጣል።

ፎንቱ ውስጥ ያለው የማስገቢያ ፈቃድ ቁጥርም ይታይ። 2 ከሆነ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማስገባት ክልክል ነው፤ አንዳንዱ ላይብረሪ አይቶ እምቢ ይላል፣ ሌላው ዝም ብሎ ያስገባል።